ጉማሬ የአሳማ ዘመድ አይደለም

ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው በቅድሚያ የራሳችንን ስሕተት ለማረም ነው። አስተያየቱ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

ባለፈው ጥቅምት ለማስተማር ልምምድ ከዓባይ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ሆነን ተመድበን ነበር። የ4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ትምህርቱ ስለ እንስሳት ነው። አንዳችን ያስተምራል፣ ሁለታችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ማስታወሻ እንይዛለን። ጉማሬ ላይ ስንደርስ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ ጉማሬ የምን ዘመድ ነው? የዓሣ ነው የላም?» ሲል ጠየቀ። ጓደኛችን ጥቂት አሰብ አደረገና፣ «የአሳማ ዘመድ ነው» አለ። እኛም ከኋላ አንገታችንን በመነቅነቅ አጸደቅንለት። በልጅነታችን የተማርነው እንደዚያው ነበርና።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «እርኩስ ነዋ!» አለ አንዱ። «ድሮም ፊቱ ያስታውቃል!» አለ ሌላው። ሳቁ ሳይበርድ አንዲት ልጅ ከወደ ጥግ ብድግ አለች። እሷ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ትናንት ሌሊት በቆሏችንን በልቶ፣ የቀረውን ረግጦት ሄደ። እርኩስ ከሆነ፣ እህል ካጠፋብን፣ ለምን አይገደልም?» አለች።

ኧረ ምን ይዋጠን! «የተፈጥሮ ሀብት ስለሆነ መጠበቅ አለበት» ብለን መለስንላት። ልጅቱ ዝም ብላ ተቀመጠች። መልሳችን በቆሎው ያልተበላበት ሰው መልስ መሆኑን ግን እሷም አውቃዋለች፤ እኛም አውቀነዋል።

ወደ ማሠልጠኛችን ከተመለስን በኋላ ነገሩ ስላልለቀቀን መጻሕፍት አገላበጥን፤ የሥነ ሕይወት መምህራኖቻችንንም ጠየቅን። ያገኘነው እንግዲህ የሚከተለው ነው።

ሊቃውንት ጉማሬን ከአሳማ ጋር ይመድቡት የነበረው በተለይ የጥርሱን ቅርፅ አይተው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የተደረገው ምርምር ይህን ምደባ አፍርሶታል። በፓኪስታን የተገኙት የጥንት ዓሣ ነባሪዎች የቁርጭምጭሚት አጥንትም እነዚህ የባሕር እንስሳት ሸኾናቸው ከተከፈለ የየብስ እንስሳት ወገን መምጣታቸውን አስረድቷል። በዚህም መሠረት ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለጉማሬ የቅርብ ዘመዶቹ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ናቸው። የጋራ አያታቸው የኖረው ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ያ ልጅ «የዓሣ ነው የላም?» ብሎ ሲጠይቅ ከእኛ መልስ ይልቅ የእሱ ጥያቄ ለእውነቱ የቀረበ ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ ዶልፊን ምንድን ነው? ባሕር ላላየን ለእኛ ለጎጃም ልጆች ነገሩ ሩቅ ነው። ዶልፊን መልኩ ዓሣ ይምሰል እንጂ ዓሣ አይደለም። በሳንባ ይተነፍሳል፤ በውኃ ውስጥ ወልዶ ጡት ያጠባል። አገራችን እስከ 1985 ዓ.ም. በነበራት የቀይ ባሕር ጠረፍም ይገኛል። ከዓይነቶቹ አንዱ በጀርባው ላይ ሻኛ የመሰለ ጉብታ አለው። ይህ ዶልፊን ጥልቁን ባሕር ትቶ ከዳር ዳር፣ ብዙ ጥልቀት በሌለው ውኃ ይኖራል። ዓሣ አጥማጁም መረቡን የሚጥለው እዚያው ዳር ላይ ነው። እንስሳው በመረብ ከተያዘ ወደ ላይ ወጥቶ መተንፈስ ስለማይችል ታፍኖ ይሞታል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2017 ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት እንስሳት መዝገብ ገብቷል።

ይህን ማንሣታችን ያለ ነገር አይደለም። የባሕሩም የወንዙም ዘመዳሞች የዳር ኗሪዎች ናቸው። ዳሩን ደግሞ ሰውም ይፈልገዋል። የጠቡ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል።

አሁን ወደ ጉማሬው ኑሮ እንግባ። ትልቁ ወንድ ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ 3,000 ኪሎ የሚደርስም አለ። ይህን የሚያህል አካል ይዞ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚውለው ስንፍና ይዞት አይደለም። ቆዳው ፀሐይ አይችልም፤ ከውኃ ውጭ ብዙ ከቆየ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እንደ እኛ ላብ የለውም። በምትኩ ከቆዳው ሥር ቀይ ፈሳሽ ያመነጫል። አላዋቂ ሲያየው ደም ያላበው ይመስለዋል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳስታወቁት ይህ ቀለም የፀሐይን ጨረር ይከላከላል፤ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችንም እድገት ይገታል። ወንዶቹ ሲቧጨቁ ያ ሁሉ ቁስል በጭቃ ውኃ ውስጥ የሚሽርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ብዙዎቻችን ጉማሬ ዋናተኛ ይመስለናል። እሱ ግን አካሉ ከባድ ስለሆነ አይንሳፈፍም፤ የወንዙን ወለል እየረገጠ ይራመዳል እንጂ። ትንፋሹን ይዞ 5 ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ተኝቶም እያለ ሳይነቃ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ተንፍሶ ይመለሳል። እናቲቱ 8 ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ ብዙውን ጊዜም እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ግልገሉ እንደ ዶልፊኑ ሁሉ በውኃ ውስጥ ይጠባል። እናት በተለመደው ሁኔታ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብትወልድ ነው። ከዚህ የምንረዳው ጉማሬ እንደ ጥንቸል ቶሎ የሚተካ እንስሳ አለመሆኑን ነው።

ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሣር ይበላል። ለዚህም በርካታ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ንጋት ላይ ወደ ውኃው ተመልሶ የበላውን ፋንድያ አድርጎ ይጥለዋል። ይህ ፋንድያ የደቂቃን ዕፅዋትና የነፍሳት ምግብ ይሆናል፤ እነዚህን ደግሞ ዓሣ ይመገባቸዋል። ነገር ግን እውነቱን ሳንሸራርፍ እንናገር ካልን ሌላም ገጽታ አለው። በኬንያ ማራ ወንዝ እንደታየው፣ በበጋ ውኃው ቀንሶ ጉማሬዎች በአንድ ኩሬ ሲታጨቁ ፋንድያው በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጂን ይጨርሰዋል፤ ዓሣውም ያልቃል። በረከት የሚሆነው እንግዲህ ወንዙ ሲፈስ ነው። ከጣና መውጫ በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ወደ ዓባይ የሚወርደው ውኃ ሰው በሚከፍተው በር መጠን ሆኗል። እንስሳው ስለ በሩ ምን ያውቃል? የሚያውቅለት ሰው ያስፈልገዋል።

ከዚህ በኋላ ያቺ ተማሪ ያነሣችውን ጉዳይ እንመልከት። ልምምዳችን ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው አባቷን ጠየቅናቸውና ማታ ወደ እርሻቸው ወሰዱን። የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል። ማማው ላይ ተኮራምተን እሸት እየበላን ጠበቅን። ሊነጋጋ ሲል ከወንዙ ወገን ከባድ ማጉረምረም ሰማን፤ ማየት ግን አልቻልንም። ነግቶ ስንወርድ ገበሬው የሚመላለስበትን መንገድ አሳዩን። ጋሪ የሄደበት ይመስል ሁለት ቦይ አውጥቷል፤ መሐሉ ከፍ ያለ ነው። ቦዩ ቀጥ ብሎ መጥቶ በቆሎው መሐል ይገባል።

«ምነው አባባ፣ ሌላ መንገድ የለውም?» አልናቸው።

«መንገዱማ ድሮም የእሱ ነው» አሉን። «አባቴ ሲያርስ ከወንዙ እስከ እርሻችን ድረስ ሜዳ ነበር። ጉማሬው እዚያ ግጦ ይመለስ ነበር እንጂ ወደ እኛ የሚያደርሰው ነገር አልነበረም። በኋላ ወንድማማቾች ተካፈልን፤ ልጆች መጡ፤ ሜዳው አለቀ። እሱ አይደለም ወደ እኔ የመጣ፤ እኔ ነኝ ወደ እሱ የሄድሁ። ግን ልጆቼ፣ መሬት ከየት ላምጣ?»

ሦስታችንም መልስ አልነበረንም። የተማርነው እኛ ሆነን ሳለ ነገሩን ከሥሩ የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ይህን በመኝታ ክፍላችን ስናወራ አንድ ጓደኛችን ተቆጣን። «ሰው መሬት አጥሮት እናንተ ስለ ጉማሬ ታወራላችሁ?» አለን። ቁጣው ከንቱ አይደለም። ሆኖም እስኪ እናስብበት። ጉማሬው ቢያልቅ የመሬቱ ጥበት ያልቃል? አያልቅም። የወንዙ ዳር እስከ ጫፉ ሲታረስ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው አፈሩን እየቦረቦረ ይወስደዋል። ዳሩ ላይ የሚቀረው ሣርና ደንገል ለጉማሬው መሰማሪያ ብቻ ሳይሆን ለማሳውም አጥር ነው። ስለዚህ የገበሬውና የጉማሬው ጥቅም ሁልጊዜ አንዱ የሌላው ጠላት ነው ማለት አይቻልም።

ስለ ጤናም አንድ ነገር ማከል እንወዳለን፤ ምክንያቱም ይህ ለተማሪዎቻችን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ጉማሬን በመንጋ ከሚፈጁት በሽታዎች አንዱ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው አባ ሰንጋ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በድርቅ ጊዜ ሣሩ አጥሮ እንስሳት ከአፈሩ ጋር ሲግጡት ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በናሚቢያ በዚህ በሽታ ከ100 በላይ ጉማሬዎች ሞተዋል። በአገራችንም በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ በጥቂት ቀናት ውስጥ 28 ጉማሬዎች ሞተው መገኘታቸው በዜና ተነግሯል። ሥጋ ተገኘ ብሎ ሞቶ የተገኘ እንስሳ ማረድ በሽታውን ወደ ቤት መጋበዝ ነው። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫውና ከአፉ የማይረጋ ደም የሚወጣው እንስሳ ጉማሬም ይሁን በሬ፣ አይገፈፍም፣ አይበላም፣ በእጅም አይነካም። ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ነው። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ለ4ኛ ክፍል ልጆች ብናስተምር ከብዙ ትርጓሜ ይበልጣል።

ወደ ሳቁ ደግሞ እንመለስ። «እርኩስ ነዋ!» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከእኛ አፍ መጣ። የአሳማ ዘመድ ነው ባንል ኖሮ ልጆቹ በዚያ መንገድ አያስቡም ነበር። የመጸየፍ ነገር ደግሞ በእንስሳው ላይ ብቻ ቆሞ አይቀርም። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በቀድሞ ዘመን ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይመገቡ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ይህን ምክንያት አድርገው ይጸየፏቸው፣ በማዕድም ይለዩዋቸው ነበር። ያ አደን ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬ ወይጦዎች የደንገል ታንኳ በመሥራትና ዓሣ በማጥመድ የታወቁ ናቸው። ያ የመለየት ልማድ ግን ርዝራዡ እስከ አሁን አልጠፋም። አያችሁ? ለእንስሳ የተሰጠ ስም ለሰው ይተርፋል። የአለንጋውም ነገር እንደዚሁ ነው። ከቆዳው የተሠራው አለንጋ በአማርኛ «ጉማሬ» ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። ስሙ ከግርፋት ጋር ተያይዞ ለኖረ እንስሳ ማን ይራራለታል?

በሌላ በኩል ደግሞ የዶልፊን ዘመድ ስለሆነ ብቻ ይጠበቅ የሚል ክርክር አናቀርብም። ዶልፊን በፊልም የሚወደድ እንስሳ ስለሆነ ጉማሬን በዘመዱ ስም ማስወደድ ሌላ ማታለል ነው። ጉማሬ አደገኛ ነው። ሰው ይገድላል። ይህን የሚደብቅ አስተማሪ ልጆችን ለአደጋ ያጋልጣል። መጠበቅ ያለበት ከጠፋ የሚመለስ ስላልሆነ ነው። በኮንጎ ቪሩንጋ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ 29,000 ገደማ ጉማሬዎች ነበሩ። ጦርነትና አደን ተደራርበውባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ከ1,000 በታች ሆኑ። በመላው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የተገመተው ቁጥር ከ115,000 እስከ 130,000 ነው። ለአንድ አህጉር ይህ ብዙ አይደለም። በአገራችንም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል፤ ጣናና አካባቢውም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። አዋጅና መዝገብ ግን ብቻቸውን በሌሊት ማማ ላይ አይቀመጡም። ማማው ላይ የሚቀመጠው ገበሬው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩላችን የሚከተለውን እንላለን።

አንደኛ፣ በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚመደብ መምህር ከሁሉ በፊት ልጆችን ከአደጋ የሚጠብቅ ትምህርት ይስጥ። ጉማሬ በየብስ ላይ ሲሮጥ ከሰው ይፈጥናል። በእሱና በውኃው መሐል መቆም አይገባም። ሲመሽና ሲነጋ ውኃ ለመቅዳት ወደ ዳር መውረድ፣ ግልገል ወዳላት እናት መጠጋት ክልክል ነው። ይህ ከፈተና ጥያቄ በፊት የሚቀድም ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ ከውኃው ጠርዝ ጥቂት እርምጃ መሬት ሳይታረስ ይቅር። ሣሩ በከፊል እየታጨደ ለከብት ይውላል፤ በከፊል ለጉማሬው ይተዋል። ከማሳው ጫፍ ደግሞ ካብ ወይም ቦይ ይሠራ። ጉማሬ ያንን ሁሉ ጉልበት ይዞ መዝለል አይችልም፤ ከጉልበት ብዙም የማይበልጥ ጠንካራ የድንጋይ ካብ ይመልሰዋል። እኛ እኮ በየበጋው እርከን ስንሠራ ያደግን ልጆች ነን። ካብ መካብ ማን ያስተምረናል?

ሦስተኛ፣ ጉማሬው የሁላችን ነው ካልን ጉዳቱም የሁላችን ይሁን። የመላ አገሩን ሀብት የመጠበቅ ዕዳ በወንዝ ዳር ባለ አንድ ገበሬ ጫንቃ ላይ ጥሎ «የተፈጥሮ ሀብት ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ለጠፋው በቆሎ ካሣ የሚታሰብበት፣ ለሚተወው ዳር መሬት ምትክ ወይም ድጎማ የሚሰጥበት መንገድ ሊፈለግ ይገባል። ይህ ሳይሆን ጥበቃ ቢባል ሰሚ የለውም።

አራተኛው ለራሳችን ነው። የማናውቀውን «አናውቅም፤ ጠይቀን ነገ እንነግራችኋለን» ማለት እንልመድ። ያ ቀን ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ብንናገር ኖሮ ማንም አይስቅም፣ ማንምም እርኩስ አይባልም ነበር። ማፈራችን ይሆን መኩራታችን፣ እኛ ግን መልስ ፈጠርን።

ልምምዳችን አልቆ ስለተመለስን ያንን ክፍል ዳግመኛ አላገኘነውም። ለክፍሉ መምህር ደብዳቤ ጽፈናል። በደብዳቤውም ጉማሬ የአሳማ ዘመድ አለመሆኑን፣ ስሕተቱም የእኛ መሆኑን ለልጆቹ እንዲነግሩልን ለምነናል። ለዚያች ልጅም መልሳችንን ልከናል፦ «የጠየቅሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የመለስንልሽ ግን አባትሽ የሚያውቁትን ያህል እንኳ ሳናውቅ ነው።»

ደብዳቤው መድረሱን ገና አልሰማንም። እናንተ ሠልጣኞች በሚቀጥለው ዙር ወደዚያ ወገን ከተመደባችሁ፣ እባካችሁ ልጆቹን ጠይቁልን። መምህራኖቻችንም ያጎደልነው ካለ በዚሁ ግድግዳ ላይ ብታርሙን በደስታ እንቀበላለን።